ከወንበር የሠራኋት ቤር ሼቫ

በቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈራችን፣ «ሰው ሳይሞት ለቅሶ የጠራችው» እየተባልኩ የምታማው እኔ ነኝ። ሐሜቱ ልክ አይደለም። እኔ ማንንም ለለቅሶ አልጠራሁም፤ ፎቶ ላነሳ ብዬ ወንበር ደረደርኩ እንጂ። የቀረውን ያደረገው ሕዝቡ ራሱ ነው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ብናገር ፍርዱ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ይሆንልኛል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራዬ ዕቃ መደርደር ነው። ጎህ ሲቀድ አንድ ሱፐርማርኬት እገባና መደርደሪያውን አስተካክላለሁ። ወተቱን ቀኑ የቀረበውን ወደ ፊት፣ የዓሣውን ቆርቆሮ ጽሑፉን ወደ ገዢው፣ ሳሙናውን ጠርዝ ለጠርዝ። በዕብራይስጥ «ሰደራኒት» ይሉናል። እናቴ ግን ለዘመድ ስትናገር «ልጄ ሥርዓት ታስከብራለች» ነው የምትለው፤ ሰሚው ፖሊስ የሆንኩ ይመስለዋል፣ እሷም አታርመውም። መጀመሪያ ሥራውን እጠላው ነበር። አንድ ማለዳ ግን የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎቹን ደርድሬ ስጨርስ፣ የሰው እጅ ያልነካው ቀይ ግድግዳ ፊቴ ቆሞ አየሁት። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጠላቴ ሆነ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ከመሃል አንዷን ቆርቆሮ ስትመዝ የፊት ጥርሴን የነቀለችኝ ያህል ይሰማኛል።

አመሉ ቤት ድረስ ተከተለኝ። አዝራሩን በመጠን፣ ማንኪያውን በርዝመት፣ ካልሲውን በቀለም መሬት ላይ እየደረደርኩ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ከላይ አነሳ ጀመር። እናቴ የራሷ ሥርዓት አላት፤ እሷ ዕቃ የምታስቀምጠው ማን እንደሰጣት እያሰበች ነው። አንድ ቀን የቅመም ማስቀመጫዎቿን ከነጭ እስከ ጥቁር በቀለም ቅደም ተከተል ደርድሬ አነሳሁላት። እንዴት ያለ ፎቶ መሰላችሁ። ችግሩ ሚጥሚጣው በርበሬው ቦታ ላይ መዋሉ ነበር፤ የሰንበቱ ወጥ አፋችንን አቃጥሎ እንግዶቻችንን ያለ ሰዓታቸው አስነሳቸው። እናቴ ውሃዋን እየጠጣች «ዕቃ ስታስተካክዪ ሰው እንዳታበላሺ» አለችኝ። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከዚያ በሰፈራችን ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚማርበትና የሚዝናናበት ቤት ማለት ነው፣ የፎቶ ትምህርት ተከፈተና ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ለምስጋና የማትቸኩል ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ላይ የፀሐይ መጥለቂያና የድመት ፎቶ ይዞ መምጣትን ከለከለች። የመጨረሻው የቤት ሥራ ከተማችንን ከተማ ካልሆነ ነገር ሠርተን ማንሳት ነበር። አንዱ ከሩዝ፣ ሌላው ከመድኃኒት ሣጥን እሠራለሁ አለ። የተመረጡት ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ይሰቀላሉ ተባለ። የኔ እንዲሰቀል ፈለግኩ። አልዋሽም፣ እጅግ አድርጌ ፈለግኩ።

ቤር ሼቫ ከላይ ሲያዩዋት እንደኔ ያለ ሰው ጀምሯት ሌላ ሰው የጨረሳት ከተማ ናት። አሮጌውን ከተማ ቱርኮች በማስመሪያ እንዳሰመሩት፣ መንገዱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይሄድና ቀጥ ብሎ ይገናኛል። በኋላ የመጡት ሰፈሮቹን በፊደል ሰየሟቸው፦ ኣሌፍ፣ ቤት፣ ጊመል፣ ዳሌት፣ ሄ። እሰይ፣ ሥርዓት ገባ ስትሉ ጥቂት ይሄዱና ፊደል ይዘላሉ። ከዚያ ፊደሉን እርግፍ አድርገው ይተዉትና የወንዝና የኮረብታ ስም ያመጣሉ። ቆጠራው የት ላይ እንደተበላሸ ብጠይቅ የነገረኝ የለም። እኔ ግን ላስተካክላት ቆረጥኩ፤ የማስተካክልባቸውንም አውቄያለሁ፣ የእድራችንን የፕላስቲክ ወንበሮች። አራት ማዕዘን ሠርተው ሲቆሙ ከጣሪያ ላይ ልክ የቤት መደዳ ይመስላሉ። ነጮቹ አሮጌው ከተማ፣ አረንጓዴዎቹ ሽኩና ኣሌፍ ይሆናሉ።

ሽኩና ኣሌፍን ካነሳሁ አይቀር አክስቴን ላንሳ፤ የምትኖረው እዚያ ነውና። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እናቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ወደ እስራኤል የምንመጣበትን ቀን ጎንደር ከተማ ስንጠብቅም በአንድ ግቢ ነው የኖርነው። ሁለቱን ያጣላቸው ፎቶ ነው። በወንድሜ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ዘመዱን ሁሉ በቁመት ሲያሰልፍ አክስቴን ወደ ዳር ገፋት። አልበሙ ሲመጣ ከአክስቴ የተገኘው አንድ ክርን ብቻ ሆነ፤ የቀረው አካሏ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቷል። አክስቴ አልበሙን አገላብጣ አገላብጣ «ያሳደግኩሽ እኔ፣ ከኔ የፈለግሽው ክርኔን ነው?» አለቻት። እናቴ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «አንሺው እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። ቃል ቃልን ወለደ። አክስቴ ብድግ ብላ «ለለቅሶ ካልሆነ በቀር ደጃፍሽን ብረግጥ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብላ ማለች። እናቴም ከማን አንሼ ብላ ያንኑ መሃላ ቃል በቃል መለሰችላት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሁለቱ ሞኞች አይደሉም፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልለቀቁም። ሽማግሌ ሄደ፣ ሽማግሌ መጣ፤ በአባት አጥንት የተማለ ስለሆነ የሚፈታው ጠፋ። ሠርግ ላይ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ከሥራ በሽኩና ኣሌፍ በኩል በአውቶቡስ ስመለስ እናቴ «መንገድ ላይ ሰው አላገኘሽም?» ትለኛለች። ሰው ማለት ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መሃላው ሲያስቡት የሚያስፈራ ነገር ነበረው፤ ደጃፉ የሚከፈተው ከሁለት አንዳቸው ስትሞት ብቻ ነው። እናቴ አንድ ምሽት ምስር ስትለቅም «እንግዲህ እኔና እትዬ የምንገናኘው አንዳችን ተገንዘን ነው ማለት ነው» አለች። ይህን ብላ ምስሩንም ጠጠሩንም አንድ ላይ ስታፈሰው አየኋት።

ወደ ወንበሮቹ ልመለስ። የሚቀመጡት በግቢያችን ባለው ሚክላት፣ በቦምብ መጠለያው ውስጥ ነው። ቁልፉን የያዙት አንድ አባባ ናቸው፤ እድሩ ሲቋቋም ጀምሮ አንድም ወንበር አልጠፋባቸውም። ለፎቶ እንደሆነ ስነግራቸው ማን ይቀመጥባቸዋል ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው። ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር ማን ፎቶ ያነሳል አሉ። ካሰቡበት በኋላ ፈቀዱልኝ፤ ግን እግረ መንገዴን የድንኳኑን ሸራ አውጥቼ ፀሐይ እንዳስመታላቸው አዘዙኝ፣ ሻግቷል። ሸራው ሰማያዊ ነው። ሳየው ደስ አለኝ፤ ወንዙ ተገኘ። የቤር ሼቫ ወንዝ በክረምት ጎርፍ ካልመጣ ደረቅ ነው፣ እኔ ጋ እንኳ ዓመቱን ሙሉ ይሙላ ብዬ እውነተኛው በስተደቡብ ቢሆንም ግቢው ስላልበቃኝ በነጮቹና በአረንጓዴዎቹ መሃል ዘረጋሁት።

እናቴ የዚያን ማለዳ ምንም ሳትቀምስ ለደም ምርመራ ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው ሄዳለች። ስልኳን እንደ ልማዷ ቤት ትታዋለች፤ ስልክ ውጭ ካወጡት ይሰረቃል ባይ ናት። እኔና አባባ ስንደረድር አረፈድን። እሳቸው በከዘራቸው ጫፍ መስመሩን እያስተካከሉ «ያቺ ወጣ ብላለች፣ መልሻት» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሱፐርማርኬታችን ቢኖር ኖሮ እላለሁ በልቤ። ሲያልቅ እሳቸው ወደ ጸሎታቸው ሄዱ፣ እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከማትናሱ የተዋስኩትን ካሜራ በፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎቹ መሃል በሦስት እግሩ አቆምኩት፣ ጥላው ሲዞር እንዲይዝልኝም በየጊዜው በራሱ እንዲያነሳ አደረግኩት። ወደ ታች አየሁ። ቤር ሼቫ በነጭና በአረንጓዴ፣ ከነወንዟ፣ አንዲት ወንበር ሳትዛነፍ ተኝታለች። ሰው የሚባል ነገር የለባትም። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እማማ ናቸው። ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡና ቆሙ። ወንበሮቹን አዩ። ሊተከል የተዘረጋውን ሸራ አዩ። ግራ ቀኝ አላሉም፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና አሮጌው ከተማ መሃል ገብተው ቁጭ አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እያለቀሱ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ግን ያሳሰበኝ መስመሩ ነበር። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ ሁለት እጄን እያወናጨፍኩ «እማማ፣ እባክዎ ይነሱልኝ፣ ከተማው ላይ ነው የተቀመጡት» ብዬ ጮህኩ። እማማ ቀና ሲሉ ያዩት ጣሪያ ጫፍ ላይ ሆና እጇን የምታወናጭፍ ሴት ልጅ ነው። ሐዘኑ የማን ቤት እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዱ። «ልጂቱን ያዙልኝ፣ ራሷን ልትጥል ነው» ሲሉ ድምፃቸው ሽኩና ሄን አዳረሰ።

ደረጃውን እየዘለልኩ ምድር ስደርስ ለቅሶው ሞቋል። ሁለት ጠንካራ ሴቶች በግራና በቀኝ ብብቴ ገብተው ያዙኝ። «ማንም አልሞተም» አልኳቸው። አንዷ «አይዞሽ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብላ ግንባሬን ውሃ አስነካችኝ። እናትሽስ የት ናት ሲሉኝ «ኩፓት ሆሊም» አልኩ። ሴቶቹ በዓይን ተነጋገሩ። በጮህኩ ቁጥር ይበልጥ ያጠብቁኛል፣ ዝም ስል ደግሞ «አውጪው፣ አፍነሽ አትያዢው» ይሉኛል።

አገራችን ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ስሙ እግረ መንገዱን ይሰማል። ስለዚህ የኋለኛው፣ የፊተኛው ያውቃል ብሎ ያለቅሳል። የፊተኛው ደግሞ የኋለኛው ሲያለቅስ ያይና ያልኩት እውነት ሆነ ይላል። «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል» ይላሉ፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት እንዳይታወቅባቸው ተጠንቅቀው። ምድር ቤት የምትኖረው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን ትልቁን የሻይ ማፍያዋን አውጥታ ሶኬት ፍለጋ ስትዞር አየኋት። እሷም አልጠየቀችም።

የቁልፉ አባባ ከጸሎት ሲመለሱ ተስፋዬ ለመለመ። እሳቸው ይንገሩልኝ ብዬ ወደሳቸው ተንጠራራሁ። አባባ ሰዉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፂማቸውን አሻሹ። ወንበሩ ለፎቶ እንደወጣ አልካዱም። «እኔ ከሄድኩ በኋላ የሆነውን ግን በምን አውቃለሁ?» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው፤ ወሬው ሽኩና ኣሌፍ ደርሷል። ሦስት ዓመት ያልደወለችው አክስቴ ናት። ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። እውነቱን እንድነግራት ለመነችኝ። እኔም ነገርኳት፤ ምንም የለም፣ እማ ደህና ናት፣ ለትንሽ ምርመራ ሐኪም ቤት ሄዳ ነው፣ አሁን ትመለሳለች። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ስህተቴ የገባኝ። እኛ ዘንድ የሥጋ ዘመድ መርዶ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ «ደህና ናት» ይባላል። ቀጥሎ «ትንሽ አሟታል»፣ ከዚያ «ሐኪም ቤት ናት»። ሐኪም ቤት ከተባለ ቀብሩ አልፏል ማለት ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ የጠራ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ አክስቴ ግን መርዶዋን ሰምታ ስልኩን ጣለችው።

ታክሲው ሳይቆም ነው የወረደችው። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፣ የጫማዋ አንዱ እግር ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። በአረንጓዴዎቹ ወንበሮች መሃል አለፈች፣ ሸራውን ረግጣ ተሻገረች፣ ነጮቹን በጉልበቷ እየገፋች ገባች። ከሽኩና ኣሌፍ ተነስታ ወንዙን ተሻግራ አሮጌው ከተማ መሃል ቆመች ማለት ነው። ሰዉ ወንበሩን እየጎተተ ከበባት። መስመሮቼ ሁሉ ሄዱ። አክስቴ ሁለት እጇን አነሳችና አወረደችው፦

«እኔ ነኝ ታላቅሽ፣ እኔ ነኝ አዛይሽ፣
ተራዬን ነጥቀሽኝ፣ ማን ቅደሚ አለሽ።»

አንድ የሳቀ አልነበረም፣ እኔም አልሳቅኩም። ያቺ ኩሩ ሴት ሦስት ዓመት ያቆየችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣችው። መጥቼ በሩን መትቼ ቢሆን ኖሮ አለች። ክርኔንም ይዤ እቀመጥ ነበር አለች።

በዚህ መሃል እናቴ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ግቢው ገብታለች። ክርኗ ላይ ደም የወሰዱበት ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። ደጃፏ ላይ ለቅሶ ስታይ ታመው የከረሙት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን የሞቱ መስሏታል። እናቴ ደግሞ በወግ ያደገች ሴት ናት፤ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ዳር ላይ፣ የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ በወጉ ታለቅስ ጀመር። ሙሾዋን የሰማችው ዘግይታ ነው። ድምፁን ለየችው። ከዚያ ቃሉን ለየችው። አክስቴ ታናሽ ያላት አንዲት ናት።

እናቴ እንባዋን ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። በሰዉ መሃል ስታልፍ ከወንበሩ ያልወደቀ ካለ ቀድሞ የወደቀ ነው። ከአክስቴ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ አታቋርጪው» አለቻት። «ገና ስለ ሙያዬ አላነሳሽም።»

አክስቴ የእናቴን ፊት ዳበሰች፣ ትከሻዋን ዳበሰች፣ ጥጡ ያለበትን ክርኗን ጨበጠችው። እናቴ «ቀስ፣ ደም ወስደውብኛል» አለች። አክስቴ ጥፊ ሰነዘረች፣ ጥፊው መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም እየጮኹ አለቀሱ። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ። የያዙኝ ሴቶች «ይኸው ወጣላት» ብለው ለቀቁኝ።

ከዚያ አክስቴ እግሯን አየች። የእህቷን ደጃፍ ረግጣለች፣ ለቅሶ ደግሞ የለም። ፊቷ ጠቆረ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። እናቴ እጇን አልለቀቀቻትም፤ ግን መሃላው ለእሷም ትዝ ብሏታል። የአባት አጥንት ቀልድ አይደለም።

አባባ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። «ለለቅሶ ካልሆነ ብለሽ ነው የማልሽው» አሏት። «ለለቅሶ መጣሽ፣ አለቀስሽ። ሰው መሞት አለበት የሚል ቃል በመሃላው ውስጥ አልሰማሁም።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ አገጫቸውን ነቀነቁ። ሳይደግስ አይጣላም አለ አንዱ። አክስቴ ደረጃውን በቀኝ እግሯ ጀመረች።

ለቀስተኛው ግን እንዲሁ አልተበተነም፤ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም። እናቴ ከማለዳው ጀምሮ ያልቀመሰች ሴት ስትሆን ለገዛ ለቅሶዋ ታበላ ጀመር። እኔን ሰው ሁሉ በየተራ ተቆጣኝ። ወንበሮቹን ብቻዬን እንድመልስ ተፈረደብኝ። ስሸከም እማማ ጋሪያቸውን ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸውና ስላስለቀስኳቸው ይቅርታ ጠየቅኩ። «እንባዬ አልባከነም ልጄ» አሉኝ። «የራሴን ሙታን አለቀስኩበት፤ እዚህ አገር ከገባሁ ጊዜ አላገኘሁም ነበር።» ጋሪያቸውን እስከ በራቸው ገፋሁላቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ የእናቴ መሃላ ገና አለ። እሷም ያለ ለቅሶ የአክስቴን ደጃፍ አትረግጥም። አክስቴ መፍትሔውን ራሷ አመጣች፦ ወንበር ይምጣ አለች። በሳምንቱ አባባና እኔ አረንጓዴዎቹን ወንበሮች በመኪና ጭነን ሽኩና ኣሌፍ ወሰድንና ደጃፏ ላይ ደረደርን። አክስቴ በሩን ከውስጥ ዘግታ ሰማችው፤ እንባ ካልወረደ አልከፍትም አለች። እናቴ ልታለቅስ ትጀምርና ሳቅ ያፍናታል። አባባ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። በመጨረሻ እናቴ አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች፦

«ሙሉሽን ቢነሱኝ፣ ክርንሽ ይበቃኛል፣
ከሌላው ሰው ሙሉ ያንቺ ክርን ይሻላል።»

ከዚያ ቁልፉ ዞረ።

ካሜራውን ረስቼው ነበር። እኔ ታች በሴቶች ተይዤ ሳለሁ እሱ ላይ ሆኖ ሥራውን ሲሠራ ውሏል። ፎቶዎቹን ለአስተማሪያችን ሳሳያት በመጀመሪያው ላይ፣ በዚያ አንዲት ወንበር ባልተዛነፈበት ላይ፣ ብዙም አልቆመችም። ጎበዝ ነሽ፣ ግን ይሄ መደርደሪያ ነው አለችኝ። ቀጥለው የተነሱትን አንድ በአንድ አየች። ከተማዬ የፈረሰችበት ላይ ስትደርስ ቆመችና ወንበሮቹን እንዲህ አድርጎ ማን እንዳሰለፋቸው ጠየቀችኝ። ማንም አላሰለፋቸውም አልኩ። ስመለከተው ግን ውሸቴን ነው። የሥጋ ዘመድ መሃል፣ አሮጊቶች ፊት ለፊት፣ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ጎረቤት ከኋላ፣ ሻዩ ለሁሉም በሚደርስበት ቦታ። ማንም ለማንም ቦታ አላሳየም፣ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። እኔ ዓመታት ሙሉ ሰው ሲነካው የሚበላሽ ሥርዓት ሳነሳ ኖሬአለሁ። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው።

የተሰቀለው ያ ፎቶ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ለመክፈቻው ነጭ ለብሰው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሃዒር ሃዓቲቃ መጡ። አክስቴ የሌላውን ሰው ፎቶ ዞር ብላም አላየች፣ ቀጥታ ወደኔ ፎቶ ሄደች። ራሷን ወዲያው አገኘችው። መሃል ላይ ናት፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ከነሁለት ቀለም ጫማዋ። «ሙሉ ነኝ» አለች፣ ለእናቴም ለአዳራሹም እንዲሰማ አድርጋ። ቀጥላ ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያስኬደች ሌላ ሰው ትፈልግ ጀመር። አጣቻት። «እሷስ የት አለች?» አለችኝ።

ጣቷን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኩት፣ የመጨረሻዋ ወንበር ጋ፣ ፎቶው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ። ካሜራው ይህን ባነሳበት ሰዓት እናቴ ገና መቀመጧ ነበር። ከእሷ የገባው አንድ ክርን ብቻ ነው፣ ነጭ ጥጥ የተለጠፈበት።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። ክርኗን አየችው፣ ቀሪዋን ከመስታወቱ ውጭ ፈለገችው። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች።

«ያሳደግሽኝ አንቺ፣ ከኔ የፈለግሽው ክርኔን ነው?» አለቻት።

አክስቴ ዓይኗን ከፎቶው አላነሳችም።

«ይበቃኛል» አለች።